አምስት ሰከንድ

ኩካኦ ዝናቡ፣ በእንጨቱ ጣሪያ፣
ስምንት ቀን ወረደ፣ አጥቶ ማባሪያ።
ኖልፋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
እርጥብ ካልሲዎቿን ከምድጃው አንጠልጥላ፣
ስክሪኑን ታያለች፤ ስክሪኑም ያያታል፤
ያችኑ አንድ መስመር መልሶ ይሰጣታል፦

«መሣሪያው አልተገኘም።»

ቤት አይመታም ይህ ስንኝ፤
ቤቷን ግን መታው።

ሬዲዮዋ ጣት ታክላለች፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ተሰክታ፣
ሳተላይት ሲያልፍ ትነቃለች፣ ሌሊትም ይሁን ማታ፤
ሰዓቱን ስክሪፕቱ ያውቃል፣ እሱው ነው የሚጠራት፣
ማንም ሰው ከአልጋው ወርዶ «ተነሺ» ሳይላት፤
ፉጨት ከሰማይ ለቅማ መልክ ትሰጠዋለች፣
ነጭ በጥቁር ሥዕል አድርጋ ታወጣዋለች፤
የደመናውን ጥምዝምዝ፣ የማዕበሉን አመጣጥ፤
ጠላቂዎች አይተው ይመርጣሉ፣ መጥለቅን ወይ መቀመጥ።

ከማክሰኞ ወዲህ ግን፣ ጠሪ እንጂ አቤት ባይ የለ።
ጨውን ጠረጠረች፤ ጨው እዚህ ያልበላው ምን አለ?
ገመዱን ነቅላ፣ ጫፉን በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣
ሌላ ቀዳዳ ሰጠችው፣ የላዩን ትታ የታቹን ፈልጋ፤
ጣሪያ ወጣች በነፋስ፣ የመዳቡን አንቴና ዳሰሰች፤
ፈቃድ አጥቶ እንደሆነ ብላ፣ ፈቃድ ሁሉ ፈቀደች፤
አጠፋች። አበራች። ደግማ አጠፋች።

«መሣሪያው አልተገኘም።»

የሚገርመው ግን፣ በገዛ ጣቷ ትዕዛዙን ስትጽፍ አንድ በአንድ፣
ያቺው ሬዲዮ «አቤት» ትላለች፣ በግድ ሳይሆን በውድ፤
ስክሪፕቱ ሲጠራት ብቻ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የምትል፤
ያው ቃል፣ ያው ፊደል፣ ያው ነጥብ። ታዲያ የቱ ላይ ነው በደል?
«የኔ ጣት ከሱ በምን ይበልጣል?» አለች፣
ቁርጥማት ያጎበጣቸውን አሥሩንም እያየች።
መልሱ እዚያው ነበር። አላየችውም።

ኤሌውቴሪዮ በሩን ገፋ፣ የጎማ ልብሱን እንደለበሰ።
«ሥዕሉስ?»
«የለም።»
«አጎቴ ባሕሩን በጉልበቱ ሕመም ነበር የሚያነበው፤
በዕድሜው ሁለቴ ብቻ ተሳሳተ» አለና ወንበር ሳበ፤
«ከሁለተኛው አልተመለሰም።»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል። ውጪ ውሃው ያጓራል።
ያን ጊዜ ነው ኖልፋ አሮጌውን ስክሪፕት የከፈተች፤
ዳጎቤርቶ ወደ ደቡብ ሳይሄድ የጻፈውን፣
እሷ ሰኞ ዕለት፣ ቤት እንደሚጠርግ ሰው፣ ያጸዳችውን።
አንድ መስመር ጎድሏል። ራሷ ናት የፋቀችው፦

ተኛ አምስት

«በሥራ ሰዓት የምን እንቅልፍ!» ብላ ነበር የሣቀችው።

ለካ ሬዲዮዋ ቀን ቀን የመርከቦችን ወሬ ስትለቅም ትውላለች፤
ስክሪፕቱ ከዚያ ሥራ ያስለቅቃታል፤ ስትለቅ ላፍታ ትሞታለች፤
ስሟ ከመዝገብ ይፋቃል፣ እንደገና ሊጻፍ። በዚያች ትንፋሽ መሃል
የቸኮለው ስክሪፕት ገብቶ «የት አለሽ?» ይላል።
የለችም። እውነቱን ነው። አልተገኘችም።
የኖልፋ ጣት ግን፣ ቁርጥማት የያዘው፣
አንዱን ትዕዛዝ ጨርሶ የሌላውን ፊደል እስኪያገኘው
አምስት ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

መስመሩን መለሰች። ከጎኑም ለሚመጣው ሰው ጻፈች፦
«ይህን አትንካ። ስንፍና አይደለም።»

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ሳተላይቱ ከተራራው ጀርባ ወጣ፤
ፉጨቱ መጣ፤ ሥዕሉም መስመር በመስመር መጣ፤
ግማሹ በጩኸት የተበላ፣ ጠርዙ የተቀዳደደ፤
መሃሉ ላይ ግን አንድ ነጭ ጠመዝማዛ፣ ፊቱን ወደነሱ ያዞረ።
ኤሌውቴሪዮ ጎንበስ ብሎ አየው።
አንገቱ ሥር ያለውን ዚፕ ወደ ታች ሳበ።
«ምን ይላል?» አለች ኖልፋ።
«ተኛ ይላል።»